ምዕራፍ አራት፦ ዓመቱን ትቶ ማሳውን መጠየቅ

በገጠር የአዛውንቶችን ታሪክ ሊቀዳ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ይዞት ይሄዳል። መቅጃውን አብርቶ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «አባባ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ይላል። ጥያቄው ትሕትና አልጎደለውም፤ የጎደለው መልስ ነው። የልደት መዝገብ ባልነበረበት አገር የተወለዱበትን ዓመት በቁጥር የሚያውቁ ሽማግሌ ጥቂት ናቸው። እሳቸውም እንግዳ ላለማሳፈር ሲሉ «እንጃ ልጄ፣ ሰማንያም ሳይሞላኝ አይቀር» ይላሉ። ቀጂው ሰማንያ ብሎ ይጽፋል። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው ዘጠና ይሆናል።

ጥያቄው ሲለወጥ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። «ደርግ መሬት ያከፋፈለ ጊዜ አግብተው ነበር?» ተብለው የተጠየቁ ሽማግሌ ብዙ ማሰብ አያስፈልጋቸውም። ማግባት አለማግባታቸውን፣ ስንት ልጅ እንደነበራቸው፣ የደረሳቸው መሬት ከወንዙ ማዶ ይሁን ከቤታቸው በታች፣ ቀድሞ የማን እንደነበረ፣ ያ ሰው ምን እንዳላቸው ይናገራሉ። ቀጂው ከዚህ መልስ ዕድሜያቸውን በግምት ማውጣት ይችላል። በዚያው ላይ ያልጠየቀው አንድ መንደር ሙሉ ታሪክ ተከፍቶለታል።

የገጠር አዛውንት ያለፈውን የሚያስቀምጡት በመሬት፣ በዘር ሐረግ፣ በሥራና በክፉ ቀን ነው። መረጃው አለ፤ በዓመት ቁጥር ተደርድሮ ግን አይገኝም። ስለዚህ የቃል ታሪክ የሚቀዳ ሰው ትልቁ ሙያው መቅጃውን ማወቁ አይደለም፤ የሚያናግራቸው ሰው ትዝታ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ማወቁና በዚያ መንገድ መከተሉ ነው። ይህን ያላወቀ ብዙ ሰዓት ቀድቶ ጥቂት ነገር ይዞ ይመለሳል።

ዘመን የሚቆጠርባቸው ክስተቶች

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚጋራቸው የዘመን ምልክቶች አሉ። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. የተደረገው የሰገሌ ጦርነት አንዱ ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ሌላው ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችንን የመታው በዚያ ወር ነበርና ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ከዚያ ወዲህ መጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው፣ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መመለስ፣ 1966 ዓ.ም. አብዮቱ፣ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ፣ 1977 ዓ.ም. ረሃቡ ይመጣሉ። በእነዚህ መካከል የሚወድቅ የአንድ ሰው ልደት፣ ጋብቻ ወይም ስደት በሁለት በሦስት ዓመት ልዩነት ሊገመት ይችላል።

ከሁሉ የራቀው ምልክት ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ በሽታ የአገሪቱን የእርሻ በሬ ጨረሰ። ጥማድ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበትና ለዓመታት የዘለቀ ረሃብ ሆነ። ያንን ዘመን ያየ ሰው ዛሬ የለም። የሰሙት ግን አሉ። የዛሬ ሽማግሌዎች ከአያቶቻቸው አፍ የሰሙት ነገር፣ ማን በእጁ በዶማ ቆፍሮ እንደዘራ፣ ማን አገር ጥሎ እንደሄደ፣ የማን መሬት ባለቤት አልባ ሆኖ በማን እጅ እንደገባ፣ በየመንደሩ የመሬት ክርክር ውስጥ ተሸሽጎ ቆይቷል።

አገር አቀፉ ምልክት ግን ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ መቁጠሪያ አለው፦ አንበጣው የወረደበት ዓመት፣ ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለበት ወይም በቆርቆሮ የተከደነበት፣ የመጀመሪያው የወፍጮ ሞተር የገባበት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ ድልድዩን ጎርፍ የወሰደበት፣ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች የመጡበት። ጥሩ ቀጂ ከማናቸውም ቃለ መጠይቅ በፊት ይህን የአካባቢ መቁጠሪያ ያዘጋጃል። ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ተቀምጦ ክስተቶቹን በቅደም ተከተል ያሰልፋል፤ ከዚያ በጽሑፍ ከተቀመጠው ጋር ያመሳክራል። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ፋይል፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወይም በደወል ላይ የተጻፈ ዓመት ይረዳዋል።

መቁጠሪያው በተለይ የሚያስፈልገው ሁለት የሚመሳሰሉ ክስተቶች ሲቀላቀሉ ነው። ወሎ ውስጥ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ አለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም የ1977ቱ አለ። በልጅነታቸው የመጀመሪያውን፣ በጉልምስናቸው ሁለተኛውን ያዩ ሰው ሲናገሩ ሁለቱ አንድ ረሃብ ሊሆኑ ይችላሉ። «በስንት ዓ.ም. ነበር?» የሚለው ጥያቄ አይለያቸውም። «ያን ጊዜ ንጉሡ ነበሩ ወይስ ደርግ?»፣ «መሬቱ ተከፋፍሎ ነበር?»፣ «እህል ያደለው ማን ነው?» የሚሉት ግን ይለያሉ። መልሱም ከዓመቱ በላይ ይናገራል፤ ባላገሩ የተራበው ሲሶ ወይም እኩል እየከፈለ ነው ወይስ ለገበሬ ማኅበር እየታዘዘ ነው የሚለውን ያሳያል።

ርስት የጠበቀው የዘር ቆጠራ

አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጠና። በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፉ የሚያሳየው ነገር ለቃል ታሪክ ቀጂ ትልቅ ትምህርት አለው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ነበር። ጠያቂው ግን መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት፣ ከእሱ በታች ካሉት ምንዝር አባቶች አንዱን ይዞ፣ እስከ ራሱ ድረስ የዘር ሐረጉን መቁጠር ነበረበት። አንድ ሰው በአራቱም አያቶቹ በኩል በተለያየ አገር ርስት ሊጠይቅ ስለሚችል ብዙ ሐረግ ማወቅ ሀብት ነበር። የመሬቱን ልክና የባለቤቱን ስም የሚናገር መዝገብ በሌለበት፣ ማስረጃው የሽማግሌ ቃል ነው።

ስለዚህ በርስት አገር የዘር ቆጠራ ጌጥ አልነበረም። ሰው ስምንትና አሥር ትውልድ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ለመከራከሪያ ነው። ልጅ ከአባቱ ጋር ወደ ሸንጎ እየሄደ ይሰማል፤ ሲጎለምስ ራሱ ይከራከራል፤ ሲያረጅ ሌሎች መጥተው ይጠይቁታል። ትዝታው ሳይጠፋ የቆየው በየጊዜው ሥራ ላይ ይውል ስለነበር ነው።

ይህ ግን ሌላ ጎን አለው። ለክርክር የተጠበቀ ትዝታ የተከራካሪ ትዝታ ነው። አንዱ የሚቆጥረው ሐረግ መሬቱን ለእሱ የሚሰጥ ነው፤ ከወሰን ማዶ ያለው ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። የመሐል አያት ይዘለላል፤ ልጅ የሌለው ወንድም ይረሳል፤ በሴት በኩል የመጣ ዘር እንደ ባላንጣው ፍላጎት ይገባል ወይም ይወጣል። የቃል ወግን እንደ ታሪክ ምንጭ አድርጎ የመመርመርን ዘዴ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው የቤልጅጋዊው ያን ቫንሲና አንዱ ጭብጥ ይኸው ነበር፦ የቃል ምስክርነት የሚነገረው በአሁኑ ዘመን ነውና የአሁኑ ዘመን ጥቅም ይገባበታል። መፍትሔው ሽማግሌውን መጠራጠር አይደለም። የተከራካሪውን ወገንም መስማት፣ ሁለቱ የሚስማሙበትን ለይቶ መያዝ፣ የሚለያዩበትንም ሁለቱንም መቅዳት ነው። ሁለቱ ሐረጎች የት ላይ እንደሚለያዩ ያወቀ ቀጂ የመንደሩን የቆየ ጠብ መነሻ አገኘ ማለት ነው።

ጽሑፍ የሚደርስበት ቦታም አለ። በጎንደርና በአካባቢው ያሉ አድባራት የመሬት ስጦታና ሽያጭ በወንጌላቸው ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ዶናልድ ክራሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኢትዮጵያ የመሬት ታሪክ ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙ ቀድቷል። ሆኖም የብራና ኅዳግ የሚናገረው በአብዛኛው ጉልት ስላላቸው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መኳንንት ነው። ወሰኑ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ እህት ድርሻዋን ለወንድሟ ለምን እንደተወች፣ ጭሰኛው መኸር ሲደርስ ምን እንደተሰማው የሚናገር ኅዳግ እምብዛም አይገኝም። ያ ያለው በሰው ዘንድ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ርስትም ጭሰኝነትም በአዋጅ ቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐረግ መቁጠር መሬት አያስገኝም። ልጅም ከአባቱ ጋር ሸንጎ ሄዶ የሚማርበት ምክንያት ቀረ። በ1967 ዓ.ም. 25 ዓመት የሞላው፣ ማለት ርስት ተከራክሮ የሚያውቀው የመጨረሻው ትውልድ፣ በ2017 ዓ.ም. 75 ዓመት ሆኖታል። በዚያ ሸንጎ የተቀመጡት፣ ፈጅ ሆነው የቆሙት፣ ምስክርነት የሰጡት ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። የዚህ ሥራ ጥድፊያ በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ሞፈርና እንዝርት

እንግሊዝ አገር በሰፎክ አውራጃ ብላክሶል የሚባል መንደር አለ። ጆርጅ ኢዋርት ኢቫንስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ ጸሐፊ በ1948 እ.ኤ.አ. ሚስቱ የመንደሩ አስተማሪ ሆና ስትቀጠር አብሯት ሄደ። ጎረቤቶቹ ከትራክተር በፊት በፈረስ ያረሱ፣ በማጭድ ያጨዱ፣ በግ የጠበቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። ኢቫንስ ስለ መንግሥት ወይም ስለ ጦርነት አልጠየቃቸውም። ስለ በግ ሸለታ፣ ስለ ዳቦ ምጣድ፣ ስለ ፈረስ ዕቃ ጠየቃቸው። ከዚያ የወጣው በ1956 እ.ኤ.አ. የታተመው «ድርቆሹን ያጨዱትን ጠይቅ» የተባለው መጽሐፍ ዛሬ በእንግሊዝ የቃል ታሪክ ሥራ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። እነዚያ ሰዎች ራሳቸውን «ታሪክ አዋቂ» አይሉም ነበር፤ ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ግን በዕውቀት የሚበልጣቸው አልነበረም።

የኢትዮጵያ ገበሬም እንዲሁ ነው። «ስለ ድሮ ኑሮ ይንገሩን» ተብለው «ድሮ ጥሩ ነበር፣ ጥጋብ ነበር» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጨርሱ ሰው፣ ሞፈርና ቀንበር እጃቸው ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሞፈሩ ከምን እንጨት እንደተቆረጠ፣ ያ ዛፍ የት ደን እንደነበረና ደኑ መቼ እንዳለቀ ይመጣል። ማረሻውን ማን እንደቀጠቀጠው፣ ለቀጥቃጩ በብር ወይስ በእህል እንደተከፈለው ይመጣል። ድግሩና እርፉ፣ ወገሉና ምራኑ እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው። ምራኑ የበሬ ቆዳ ከሆነ በሬው የማን ነበር፣ ለምን ታረደ? ጥማድ የሌለው ሰው በመቀናጆ ከማን ጋር አረሰ? ከአንድ ሞፈር ተነሥቶ ደን፣ ዕደ ጥበብ፣ ገበያ፣ ዝምድናና ድህነት ይነገራል።

ከዚህም የሚሻለው አብሮ መሄድ ነው። ቀጂው ሽማግሌውን ተከትሎ በማሳዎቹ መካከል ሲያልፍ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ስም እንዳለው ይሰማል። አንዱ በሰው ስም፣ አንዱ በተተከለበት ዛፍ፣ አንዱ በሆነበት ነገር ይጠራል። ሽማግሌው ድንበሩ ላይ ቆመው በከዘራቸው ወደ አንድ ድንጋይ ይጠቁማሉ፤ «ይቺን ያኖራት አያቴ ነው» የሚል ቃል ሲወጣ ከኋላው የአንድ ክርክር ታሪክ ሙሉ ይከተላል። ቤት ውስጥ ቢጠየቁ ድንጋዩን ባላስታወሱት ነበር። ቀጂው በዚህ ጊዜ መቅጃውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ «አሁን ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ካለው ማሳ ላይ ነን» እያለ የቆሙበትን ቦታ በድምፁ መናገር አለበት፤ አለዚያ ከዓመት በኋላ «ይቺ» የተባለችው የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ አይኖርም።

ሴቶች በሌላ መንገድ ይጠየቃሉ። በአማራ ገጠር ሴት ስታገባ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሏ መንደር ትሄዳለች። ስለዚህ አንዲት አሮጊት የሁለት መንደር፣ ደግማ ያገባችም ከሆነች የሦስት መንደር ታሪክ ይዛለች። ባልየው የማያውቀውን ታውቃለች። የዘመን ምልክቷም የተለየ ነው፤ ከጦርነትና ከአዋጅ ይልቅ በልጆቿ ልደትና ሞት ትቆጥራለች። «እገሌን ያረገዝሁ ጊዜ» ካለች፣ እገሌ ዛሬ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው የሚቀረው። ጥያቄውም ከሥራዋ ይነሣል። እንዝርትና ደጋን፣ ወፍጮና መጅ፣ እንስራና የውኃ መንገድ፣ አዋላጅና የሐዘን ቤት። በተለይ የወፍጮ ሞተር የገባበት ጊዜ ለብዙ እናቶች ከመንግሥት ለውጥ የሚስተካከል ድንበር ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ መፍጨት የቀረው ያን ጊዜ ነውና።

ቀጂዎች ብዙ ጊዜ ሴቶችን የሚያጡት ለመጠየቅ ስላልፈለጉ ሳይሆን ቦታና ሰዓት ስለሚስቱ ነው። ወንዱ በር ላይ፣ ሴቷ ጓዳ ናት። ባልየው ባለበት የተጠየቀች ሚስት «እሱ ያውቃል» ትላለች። ቡና ሲፈላ፣ ጥጥ ሲፈተል፣ ሴት ጠያቂ ሆና ብትቀመጥ ግን የሚሰማው ሌላ ነው።

ያዩትና የሰሙት

ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ቦረናዎች የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው። የገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግር ስለሆነ እያንዳንዱ ስምንት ዓመት በዚያን ጊዜ በነበረው አባ ገዳ ስም ይጠራል። የአባ ገዳዎቹን ስም በቅደም ተከተል የሚያውቁ አዋቂዎች እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ይደርሳሉ። አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገዳ ጥናት ይህንን የጊዜ ሰንሰለት ለታሪክ ተጠቅሞበታል። በቃል የቆየ ታሪክ ሥርዓት ሲኖረው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አይገኝም።

ከቦረና አዋቂዎች ሌላም የሚወሰድ ነገር አለ፤ ያዩትን ከሰሙት ይለያሉ። ይህ ልዩነት በማናቸውም ቦታ ለቀጂ መሠረታዊ ነው። ሽማግሌው ስለ ማይጨው ሲናገሩ «አባቴ እንደነገረኝ» ነው ወይስ «አባቴን ጠመንጃውን ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ» ነው? ሁለቱም ይቀዳሉ፤ ግን እንደ አንድ አይቆጠሩም። «እርስዎ በዚያ ነበሩ?» የሚል አጭር ጥያቄ በትሕትና በየመሐሉ መግባት አለበት። ደግሞ ዛሬ ሬዲዮ የማይሰማ፣ የልጅ ልጁ የታሪክ መጽሐፍ የማያነብለት ሽማግሌ ጥቂት ነው። ከመጽሐፍ የሰሙትን የራሳቸው ትዝታ አድርገው የሚናገሩ አሉ። ንግግሩ በድንገት የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ካበዛ ወደ ማሳው፣ ወደ ሰው ስም መመለስ ነው።

በቡድን መጠየቅም ልክ አለው። ሽማግሌዎች ሰንበቴ ላይ ወይም ከዝክር በኋላ ተሰብስበው ሲያወሩ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል፤ ክርክሩም ራሱ መረጃ ነው። ነገር ግን ከሁሉ የተከበሩት ሰው ቀድመው ከተናገሩ ሌላው «እሳቸው እንዳሉት ነው» ይላል። ስለዚህ ቡድኑ የአካባቢ መቁጠሪያውን ለማዘጋጀት ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻ መጠየቅ ግድ ነው።

የተከበረው ሽማግሌ የማይናገሩላቸው ሰዎችም አሉ። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው በብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም። ቡዳ እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። የመንደሩ ታሪክ በባለርስቶች ቃል ብቻ ከተቀዳ እነዚህ ሰዎች ከመንደሩ ይጠፋሉ። ማረሻውን የሠሩት ግን እነሱ ናቸው።

መሬቱ የሌላቸው

ትዝታ በመሬት የሚሄድ ከሆነ ከመሬቱ የተለየ ሰው ምን ያደርጋል? በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በመንግሥት ሰፈራ ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል። አሉላ ፓንክረስት በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ከወሎ ሄደው ወለጋ ውስጥ በቄቶ የሰፈሩ ሰዎችን ኑሮ ከራሳቸው ቃል እየተነሣ ያጠናል። በሰፈራ መንደር ያለ አዛውንት ማሳውን እየዞረ ሊያሳይ አይችልም፤ የሚያሳየው ማሳ ከመጣ ወዲህ ያለው ብቻ ነው።

እስራኤል ውስጥ ያሉ የቤተ እስራኤል አዛውንቶችም እንዲሁ ናቸው። ብዙዎቹ የመጡት በሱዳን በኩል በእግር ተጉዘው ነው፤ ከ14,000 በላይ ሰዎች ደግሞ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጉዘዋል። እንደ አምቦበርና ወለቃ ባሉ የጎንደር መንደሮች ያደጉ፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የኖሩ፣ ብዙዎቹም በሰው መሬት ላይ ያረሱ ናቸው። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንድ ፎቅ ቤት ሲኖሩ ቋንቋው እንኳ ሁልጊዜ አያገናኛቸውም። እዚህ ላይ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ከመቅጃው እኩል ያስፈልጋሉ። አዛውንቷ «ምኩራቡ እዚህ፣ ወንዙ እዚህ፣ ገበያው በዚህ በኩል» እያሉ የመንደሩን ካርታ ሲያስነድፉ፣ ጠያቂው በእያንዳንዱ ቤት ላይ «እዚህስ ማን ነበር?» እያለ ይከተላል። ወረቀቱ ማሳውን ይተካል።

ከቅጂው በኋላ

ቀረጻ ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ቀጂው በራሱ ድምፅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውንና የጠያቂውን ስም ይናገራል፤ ፋይል ስሙ ቢጠፋ እንኳ ድምፁ ራሱን ያስተዋውቃል። ስልክ የሚጠቀም ሰው ጥሪ እንዳይገባ ይዘጋዋል፤ ነፋስ ካለ ከቤት ግድግዳ ጥግ ይቀመጣል። የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለማስፈር ከአምስት ሰዓት የበለጠ ሊፈጅ ይችላል። ሲጻፍም የተናጋሪው አነጋገር እንዳለ ይቆያል። የጎጃሙን «ኸቤት» ወደ «ከቤት» የሚያርም ጸሐፊ ያሳመረ ይመስለዋል እንጂ ሰውየው ከየት አገር እንደሆኑ የሚናገረውን ምልክት ፋቀው።

ፈቃድ በፊርማ ብቻ አያልቅም። ጣት አሳትሞ መሄድ ሽማግሌውን ስለ መሬት ግብር ያስታውሳቸዋል እንጂ መብታቸውን አያስረዳም። ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሰማው በቀላል ቃል ተነግሯቸው «ይሁን» ያሉበት ድምፅ መቀዳት አለበት። ቀጥሎም ከተናገሩት ውስጥ ለጊዜው የሚዘጋ ካለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለ ጎረቤት ወሰን፣ ስለ ቀይ ሽብር፣ ስለ አንድ ቤተሰብ ዘር የተነገረ ነገር ዛሬ በመንደሩ ቢሰማ ሰው ያጣላል፤ ከዚያም የከፋ ሊያስከትል ይችላል።

የተጻፈ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ጸሐፌ ተውኔትና ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትውስታ ከአንደበታቸው እየሰማ አዘጋጅቶ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳትሟል። የቀድሞውን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ኑሮ ማወቅ የሚሻ ዛሬም ወደዚያ መጽሐፍ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደየአውራጃቸው እየሄዱ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ኖረዋል። በጽሑፎቹ መጨረሻ ያለው የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፣ ያለዚያ የማይታወቁ የብዙ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ተማሪው የጠየቀው ግን ስለሚያጠናው ርዕስ እንጂ ስለ ሽማግሌው ሕይወት ሙሉ አይደለም። ያ ለሌላ ሰው የቀረ ሥራ ነው።

አየርላንድ ይህንን ሥራ ለልጆች ሰጥታዋለች። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የፎክሎር ኮሚሽን ከአስተማሪዎች ጋር ተስማምቶ በ5,000 ገደማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ የ11 እስከ 14 ዓመት ተማሪዎች ወላጆቻቸውን፣ አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እንዲጠይቁ አደረገ። ልጆቹ በድርሰት ክፍለ ጊዜ ፈንታ የሰሙትን ይጽፉ ነበር። 740,000 ገጽ ገደማ የሚሆን ስብስብ ወጣ፤ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባል። ልጅ የሚጠይቀውን ሽማግሌ አይከለክለውም፤ ከከተማ የመጣ ባለሙያ የሚያፍርበትን ጥያቄም ልጅ ይጠይቃል።

የኢትዮጵያ ገጠር ትምህርት ቤት ይህንን ለመጀመር ገንዘብ ብዙ አይጠይቀውም። ከጥር እስከ መጋቢት አዝመራው ገብቶ ሰው ፋታ ያገኛል፤ በየወሩ ሞፈር የማይነካባቸው የበዓል ቀናትም አሉ። አንድ መምህር ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አዛውንት እንዲመርጡ፣ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ፣ ለሁሉም ሦስት ጥያቄ እንዲቀርብ ሊያዝዝ ይችላል፦ ቤታችሁ ያለበት መሬት ከ1967 በፊት የማን ነበር? የወፍጮ ሞተር ከመግባቱ በፊት ቀኑ እንዴት ያልፍ ነበር? ወደዚህ መንደር የመጣችሁት ከየት ነው? መልሶቹ በደብተርና በስልክ ይያዛሉ። አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በአቅራቢያው ላለው ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ ጎንደርም ደሴም ደብረ ማርቆስም ደብረ ብርሃንም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ከዚያ የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉንም መልስ ጎን ለጎን አስቀምጠው የአካባቢያቸውን የዘመን መቁጠሪያ ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ክፍልም የመነሻ ደብተር አድርገው ያስረክቡታል።